የገና ዛፍ በምን ይቆማል?

ታኅሣሥ ከተጋመሰ በኋላ የከተሞቻችን መንገድ ዳር መልኩን ይለውጣል። ከከሚሴ ተነሥቶ በሐርቡና በኮምቦልቻ አድርጎ ደሴ የሚወጣ፣ ወይም በሰንበቴና በአጣዬ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባ መንገደኛ ዓይኑን ከፈት ካደረገ፣ የጥድ ቅርንጫፍ ተሸክሞ ገዢ የሚጠብቅ ልጅ አያጣም። በሱቁም ደጃፍ ከካርቶን የወጣው የፕላስቲክ ዛፍ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ ብልጭልጩ፣ ፊኛው፣ የኤሌክትሪክ መብራቱና በረዶ ተብሎ የሚሸጠው ጥጥ በዙሪያው ተደርድሮ ይታያል። ገዢው ተከራክሮ፣ ዋጋ አስቀንሶ፣ ዛፉን በባጃጅ ጭኖ ወደ ቤቱ ይገባል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ዛፉን ግድግዳ ላይ ቢያስደግፉት ይንሸራተታል፤ ከወንበር ጋር ቢያስሩት ይጎብጣል፤ ሕፃን ሲነካው ይወድቃል። ያን ጊዜ አባወራው ወገቡን ይዞ፣ «ይህ ነገር በምን ይቆማል?» ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የአናጢ ጥያቄ ነው፤ እግር የሌለውን ዛፍ በወለል ላይ እንዴት እናቁመው? ሁለተኛው የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ልማዱ ራሱ በእኛ አገር በምን መሠረት ላይ ይቆማል? ዛሬ ሁለቱንም በየተራ እንመልከት። የውጭ አገሩን ዓመታት ሁሉ የምጽፋቸው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

የገና ዛፍ አገሩ ጀርመንና በራይን ወንዝ ዳር ያለው አልዛስ የተባለው ምድር ነው። ማርቲን ሉተር ከዋክብት በጥድ መካከል ሲያበሩ አይቶ የመጀመሪያውን ዛፍ በሻማ አስጌጠ የሚለው ተረት ደስ የሚል ቢሆንም፣ ማስረጃ አልተገኘለትም። ከታመኑት ጥንታውያን ሰነዶች አንዱ ሴሌስታት በምትባል የአልዛስ ከተማ የተገኘው የ1521 የሒሳብ መዝገብ ነው። መዝገቡ ስለ ጌጥ ወይም ስለ መዝሙር የሚናገር አይደለም። ከቅዱስ ቶማስ በዓል ማለት ከዲሴምበር 21 ጀምሮ ዛፎቹን ለሚጠብቁ የደን ጠባቂዎች አራት ሽልንግ መከፈሉን የሚያስታውስ የወጪ ሒሳብ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ! የገና ዛፍ በታሪክ መዝገብ ብቅ ሲል ከጎኑ የደን ዘበኛ ቆሞ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1561፣ በዚያው በአልዛስ አመርሽቪር የተባለችው ከተማ አንድ ነዋሪ ከአንድ ዛፍ በላይ እንዳይቆርጥ፣ ቁመቱም ከስምንት የእግር ጫማ እንዳይበልጥ ደንብ አወጣች። ሰዎች ዛፍ ወደ ቤት ማስገባት ሲጀምሩ ጫካው ማለቅ እንደሚጀምር የከተማው ሹማምንት ወዲያው ተረድተውት ነበር።

በ1605 ስትራስቡርግን የጎበኘ አንድ መንገደኛ ደግሞ በየቤቱ የቆመውን ዛፍ አይቶ በላዩ ላይ የተሰቀለውን ሁሉ ጽፎ አቆይቶናል። ከባለ ቀለም ወረቀት የተቆረጠ ጽጌረዳ፣ ፖም፣ ስስ ቂጣ፣ የወርቅ ቅብ ወረቀትና ጣፋጭ ነበር ይላል። እነዚህ ነገሮች እንዲያው ለማማር ብቻ የተሰቀሉ አልነበሩም። በምዕራባውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 24 የአዳምና የሔዋን መታሰቢያ ነበረና፣ በመካከለኛው ዘመን በዚያ ዕለት ስለ ገነት የሚናገር ቴአትር ይታይ ነበር። በመድረኩም መካከል ፖም የተሰቀለበት አረንጓዴ ዛፍ ይቆማል። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የገና ዛፍን ፖም ከዚህ ያመጡታል። ስሱ ቂጣ ደግሞ የቍርባንን ኅብስት ያስታውሳል። ፖሙ የአዳምን ውድቀት፣ ቂጣው የክርስቶስን ካሣ ያሳያሉ ማለት ነው። ለአዳም የተሰጠው የ5500 ዘመን ተስፋ በልደት ቀን ተፈጸመ ብለው የሚያስተምሩት የእኛ ሊቃውንት ይህን ምሥጢር ቢሰሙ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንባቸውም። እንግዳ የሚሆንባቸው አገላለጡ ነው።

ሻማው የመጣው ከፖሙ በኋላ ነው። ሊዘሎተ የተባለች ጀርመናዊት ልዕልት በ1708 በጻፈችው ደብዳቤ፣ በልጅነቷ በሃኖቨር በየጠረጴዛው ላይ ቁጥቋጦ ቆሞ በየቅርንጫፉ ሻማ ይበራ እንደነበር ታስታውሳለች። ፖሙ ወደ መስታወት የተለወጠው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላውሻ በምትባል የጀርመን መንደር ነው። የመንደሩ ሰዎች ብርጭቆ በመንፋት የሚተዳደሩ ነበሩና፣ በእስትንፋሳቸው ነፍተው ክብ የመስታወት ኳስ ሠሩ። ዛሬ ከቻይና በካርቶን የሚመጣው ቀይ የፕላስቲክ ኳስ የዚያ የመስታወት ኳስ ልጅ፣ የዚያ የፖም የልጅ ልጅ ነው። ዝምድናውን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ሻማው ብርሃን ብቻ ሳይሆን ሥጋትም ይዞ መጣ። የደረቀ ጥድ ሙጫ ያለበት ነውና እንደ ችቦ ይነዳል። ስለዚህ ባለቤቶቹ በዛፉ አጠገብ ባልዲ ውሃ ያኖሩ ነበር። በ1882 በኒው ዮርክ የኤዲሰን የሥራ ባልደረባ የነበረው ኤድዋርድ ጆንሰን 80 ያህል ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ አምፖሎች በዛፉ ላይ አንጠልጥሎ አበራ። ዛፉም በኤሌክትሪክ ኃይል እየዞረ ይታይ ነበር። ዛሬ በየሱቁ የሚብለጨለጨው ገመድ ዘሩ ከዚያ ይመዘዛል።

ልማዱ ከጀርመን ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በመጽሔት መሆኑን ስታውቁ የዚህ ገጽ አንባቢዎች ደስ ይላችሁ ይሆናል። በ1848 በለንደን የሚታተም አንድ ሥዕላዊ ሳምንታዊ መጽሔት ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ ልዑል አልበርት ከልጆቻቸው ጋር ባጌጠ ዛፍ ዙሪያ ቆመው የሚያሳይ ሥዕል አወጣ። በ1850 ያንኑ ሥዕል አንድ የአሜሪካ መጽሔት ወስዶ የንግሥቲቱን ዘውድ ፍቆ አተመው። ከዚያ በኋላ ዛፍ የሌለው ቤት የድኻ ቤት መሰለ። በሁለቱም አገር ሥዕሉን ያየ ነጋዴና ጸሐፊ ሁሉ እንደ ንግሥቲቱ ለመሆን ዛፍ ፈለገ።

አሁን ወደ አናጢው ጥያቄ እንምጣ። በዚያ ሥዕል ላይ ዛፉ የቆመው በጠረጴዛ ላይ ነው። የጥንቱ ዛፍ ትንሽ ስለነበረ ማቆሚያው አያስቸግርም ነበር። አሸዋ በሞላበት ማሰሮ፣ በተበሳ ጉማጅ እንጨት ወይም በመስቀል ቅርጽ በተመቱ ሁለት ጣውላዎች ላይ ይተከላል። ጀርመኖች በሥሩ ትንሽ አጥር አጥረው፣ ሣር አንጥፈው፣ የእንጨት በጎችና እረኞች ያሰማሩበት ነበር። ዛፉ ከጠረጴዛ ወርዶ ከወለል እስከ ጣሪያ መድረስ ሲጀምር ግን ነገሩ ከበደ። የብረት ቀላጮች ሦስትና አራት እግር ያለው፣ ግንዱን በብሎን የሚይዝ ማቆሚያ መሥራት ጀመሩ። በ1876 ሄርማን አልብሬክት የተባለ የፊላደልፊያ ሰው በአሜሪካ መንግሥት ዘንድ ለዛፍ ማቆሚያ የፈጠራ መብት ካስመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። በተከታዩ ዓመት ዮሐንስ ኤካርት የተባለ የሽቱትጋርት ሰው ሲሞላ እየዘፈነ ዛፉን የሚያዞር ማቆሚያ አስመዘገበ። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በባቫሪያ ክላውስ ክሪነር የተባለ ገበሬ በየገናው ብሎን ማሽከርከር ሰልችቶት፣ በእግር ሲረግጡት በአንድ የሽቦ ገመድ ጥርሶቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ግንዱን የሚነክሱበትን ማቆሚያ ፈጠረ። ማቆሚያውም በብዙ አገር ተሸጠ። የአንድ ገበሬ ብስጭት የፋብሪካ መነሻ ሆነ ማለት ነው።

ማቆሚያ ጨርሶ ያላስፈለጋቸውም ነበሩ። በፖላንድ ተራሮች የሚኖሩ ገበሬዎች የጥዱን ጫፍ ቆርጠው፣ ሽቅብ በማቆም ፈንታ ወደ ታች ዘቅዝቀው ከጣሪያው ወራጅ ላይ ይሰቅሉት ነበር። ስሙን ፖድዋዥኒችካ ይሉታል። በላዩም ፖም፣ ለውዝ፣ የገለባ ጌጥና ከስስ ቂጣ የተሠራ ክብ ነገር ይንጠለጠላል። በአልዛስም ዛፍን ከጣሪያ የመስቀል ልማድ ነበረ። ምክንያቱን ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሰውና ከብት ተጠጋግተው ያድራሉ፤ ወለሉ የሥራና የመኝታ ቦታ ነው። የሚተርፈው ባዶ ቦታ ከራስ በላይ ያለው ብቻ ነው። በአንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ምድጃውንም አልጋውንም መጽሐፉንም በአንድ ጥግ ያስማማ የእኛ አገር ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይህን የፖላንድ ገበሬ በሚገባ ይረዳዋል።

በእኛም አገር ብልኀቱ አልጠፋም። የተጣለ የቀለም ቆርቆሮ ወይም የዘይት ጣሳ ይፈለጋል፤ ድንጋይና አሸዋ ይሞላል፤ ዛፉ ይተከላል፤ ቆርቆሮው በባለ ቀለም ወረቀት ይጠቀለላል። ይህ የድኻ ብልኀት ቢመስልም የፊዚክስ ሕግ ይደግፈዋል። አንድ ነገር የሚወድቀው የክብደቱ ማእከል ከመቆሚያው ጠርዝ ውጪ ሲወጣ ነው። ስለዚህ መቆሚያው ሰፊ፣ ክብደቱም ወደ ታች የተጠጋ ይሁን። ረጅም ጠባብ ጣሳ ከመምረጥ አጭርና ሰፊ ሳፋ መምረጥ ይሻላል። ትልልቁን ድንጋይ ከታች በግንዱ ዙሪያ አጥብቆ መጠቅጠቅ፣ ከዚያ አሸዋውን ማፍሰስ፣ አሸዋውንም ማርጠብ ነው። እርጥብ አሸዋ ከደረቁ ይከብዳል፤ ግንዱንም ያጠጣዋል። የተቆረጠ ግንድ ጥቂት ሰዓት ሲቆይ አፉን በሙጫ ይዘጋልና፣ ከመትከል በፊት ከሥሩ ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር እንደገና መቁረጥ ይገባል። የውጭ አገር ባለሙያዎች ማቆሚያው ለግንዱ ውፍረት ለያንዳንዱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል አንድ ሊትር ያህል ውሃ የሚይዝ ይሁን ይላሉ። ሻማን ግን በደረቅ ጥድ አጠገብ አታቁሙ። ይህን ምክር የተላለፈ ሰው ቤቱንም ዕቃውንም ሊያጣ ይችላል።

የአናጢው ጥያቄ በዚህ ተመለሰ። የሁለተኛው መልስ እንዲህ በአሸዋና በድንጋይ አይገኝም።

ዛፉ ወደ አገራችን የገባው በፈረንጆች ቤት፣ በትምህርት ቤትና በሱቅ በኩል ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ውስጥ ስፍራ የለውም። የገና በዓላችን ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ሲሆን፣ ጾሙ፣ ማሕሌቱ፣ ላሊበላ ላይ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው የሚዘምሩት ቤዛ ኩሉ፣ ከሜዳውም የገናው ዱላና ጥንጉ ለብዙ መቶ ዓመት ያለ ዛፍ ሲያደምቁት ኖረዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲመጣ ሰባኪዎች የዛፉን ነገር ያነሣሉ። አንዳንዱ የትንቢተ ኤርምያስን 10ኛ ምዕራፍ ይጠቅሳል። እዚያ ነቢዩ ዛፍ ከዱር ቆርጠው፣ በብርና በወርቅ አስጊጠው፣ እንዳይነቃነቅ በምስማር ስለሚያጸኑ ሰዎች ይናገራል። ነቢዩ የሚነቅፈው የተቀረጸ ጣዖት የሚያመልኩትን ነው፤ የገና ዛፍ የሚባል ነገር በዘመኑ አልነበረም። ቢሆንም ስለ ማቆሚያና ስለ ምስማር ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሰው ማሰቡ ያስደንቃል።

ነገር ግን ዛፍን ማክበርና በዛፍ ላይ ነገር ማንጠልጠል ለእኛ አዲስ ነው የሚል ሰው አገሩን አላየም። ዋርካን ተመልከቱ። በወሎ ገጠር አንድ ትልቅ ዋርካ ጥላ ብቻ አይደለም፤ ሸንጎ ነው፤ የሽምግልና ወንበር ነው፤ የዱዓ ቦታ ነው። ጥንት አድባር እየተባለ ቡና የሚፈላበት፣ ግንዱ ቅቤ የሚቀባ፣ በቅርንጫፉም ክርና ጨርቅ የሚታሰርበት ዛፍ በብዙ ስፍራ ነበር። የሃይማኖት አባቶች፣ ቄሱም ሼኹም፣ ይህን ሲነቅፉ ኖረዋል፤ ቢሆንም ትዝታው አልጠፋም። የኦሮሞ ሕዝብ የገዳ ሸንጎውን ያቆመው በኦዳ ጥላ ሥር ነው። ኦዳ ነቤና ኦዳ ቡልቱም የተባሉት ስፍራዎች ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ነው፤ ዛሬም ኦዳ በኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ ላይ ይታያል። መስከረም 16 ቀን ደግሞ ደመራ ይደመራል። ረጃጅም እንጨቶች እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ይቆማሉ፤ በአናታቸውም አደይ አበባ ይታሰራል። ደመራ ማቆሚያው እርስ በርስ መደጋገፍ ነው። ፈረንጅ ዛፉ እንዳይወድቅ ይጨነቃል፤ እኛ ግን ደመራው በየት በኩል እንደሚወድቅ ለማየት ቆመን እንጠብቃለን፤ ከአወዳደቁም የዘመኑን ነገር እንገምታለን።

አረንጓዴ ወደ ቤት ማስገባትም ቢሆን እናውቅበታለን። በከሚሴ ዙሪያ የበዓል ቄጤማ ፈልጎ የሚቸገር ሰው የለም። ቦርከና እየተጠማዘዘ ወደ አዋሽ ሲወርድ የሚያረሰርሰው የጨፋ ረግረግ ከዳር እስከ ዳር ቄጤማና ፊላ ነው። ፈረንጅ አረንጓዴውን ያቆመዋል፤ እኛ እንጎዘጉዘዋለን። ቄጤማም ማቆሚያ አይጠይቅም፤ ታጭዶ በዓመቱ መልሶ ይበቅላል።

ሰሞኑን ስለዚህ ነገር ከአንድ ሽማግሌ ጋር ስንጫወት፣ «ልጄ፣ ፈረንጅ ዛፉን ቤት የሚያስገባው ውጪ ምን ሆኖበት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አባባ፣ ብርዱ ጸንቶ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ፣ ፀሐይም ከሰዓት በኋላ ወዲያው ትጠልቃለች፤ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው ጥድ ብቻ ነው» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንዲያስ ከሆነ እውነቱን ነው። እኛ ግን ዛፉ ደጅ ቆሞ ሳለ ቆርጠን ብናስገባው፣ ነገ ከማን ጥላ ሥር ልንቀመጥ ነው?» አሉኝ። የሁለቱን ልማድ ልዩነት ከዚህ አሳጥሮ የሚናገር መጽሐፍ አላገኘሁም። ፈረንጅ ዛፉን ከሥሩ ለይቶ ወደ ቤቱ ያመጣዋል፤ የእኛ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ዛፉ ወደ ቆመበት ይሄዳል። የእኛ ዛፍ ማቆሚያው የገዛ ሥሩ ነው።

ይህ እንግዲህ የወሬ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም። የሚቆረጠው የሐበሻ ጥድ እንዴት ያለ ዛፍ እንደሆነ እናስብ። የከሚሴ ሜዳ ከፍታው ከ1400 ሜትር ብዙም አይበልጥምና ለጥድ ይሞቃል፤ እዚህ ያለው ግራሩ፣ ቁርቁራውና ዋርካው ነው። ጥዱ የሚገኘው በደጋው፣ እንደ የጎፍ ባሉ በኮምቦልቻ አናት ላይ በቆሙ ተራሮችና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው። ጥድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ጥድ ግን ከጉቶ አያቆጠቁጥም፤ የቆረጡት ጥድ የጠፋ ጥድ ነው። የቀደሙት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ በ1434 ነግሠው እስከ 1468 የገዙት፣ ከሰሜን ሸዋ ከወፍ ዋሻ ጫካ የጥድ ዘር አስመጥተው የመናገሻን ጫካ አስተከሉ እየተባለ ይነገራል። በአሜሪካም ቢሆን በ1901 በኒው ጀርሲ አንድ ገበሬ 25000 ችግኝ ለገና ገበያ ብሎ ተከለ፤ ከዚያ በኋላ የገና ዛፍ እንደ ገብስ የሚዘራ የእርሻ ሰብል ሆነ። በጀርመንም የጫካው መመናመን ባሳሰባቸው ጊዜ ከተቀባ የዝይ ላባ ዛፍ ሠሩ። ይኸውም የዛሬው የፕላስቲክ ዛፍ አያት ነው። እነርሱ ለሚቆርጡት ይተክላሉ፤ እኛ የወሰድነው መቁረጡን ብቻ ከሆነ፣ ከልማዱ እኩሌታውን ብቻ ነው የወሰድነው።

በዚህ በከሚሴ በአንድ ክፍል ስለዚሁ ነገር የተነሣውን ክርክር ባጫውታችሁ ይጠቅማል። በበዓሉ ሰሞን ተማሪዎቹ ክፍላቸውን ለማስጌጥ አሰቡ። አንደኛው ወደ ደጋው ዘመድ ስላለው ጥድ ቆርጦ ሊያመጣ ቃል ገባ። ሁለተኛው፣ «የምን ቁርጥ ዛፍ! መዋጮ አዋጥተን የፕላስቲኩን እንግዛ» አለ። ሦስተኛው ደግሞ፣ «የመንግሥት ትምህርት ቤት የሁላችን ቤት ነው፤ የአንዱን በዓል ምልክት ብናቆምበት ነገ የሌላው ይከተላል» ብሎ ተቃወመ። ነገሩ ሞቅ እያለ ሲሄድ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ የነበረች አንዲት ሙስሊም ተማሪ እጇን አነሣች። «ቲቸር፣ ጎረቤቶቼ የገና ዕለት ለብቻችን የሚሆን አዘጋጅተው ይጠሩናል፤ እኛም በዒድ እንጠራቸዋለን። በዛፉ የሚቀየም የለም። እኔ የምጠይቀው፣ ከበዓሉ በኋላ ዛፉ የት ይሄዳል?» አለች።

ክፍሉ ዝም አለ። መልሱን ሁሉም ያውቃል። የተቆረጠው ጥድ ጥር ሲብት ከቆሻሻ ጋር ይጣላል፤ ወይም ከምድጃ ይገባል። ፕላስቲኩ ከአልጋ ሥር ይወሸቃል፤ ሲሰበርም ተጥሎ በጎርፍ ወደ ቦርከና ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ዛፍ እናቁም አናቁም መሆኑ ቀርቶ ምን እናትርፍ ሆነ። በመጨረሻም የተስማሙት በወይራ ነው።

ምርጫቸው ከብዙ ወገን ያስመሰግናቸዋል። ወይራ፣ በኦሮምኛ ኤጀርሳ የሚባለው፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ለከሚሴም አየር ይስማማል። የወተቱ ዕቃ የሚታጠነው፣ ምርጥ ዱላ የሚቆረጠው ከእርሱ ነው። ክርስቲያኑ በኖኅ ዘመን ርግብ በአፏ ይዛ የመጣችውን የወይራ ቅጠል ያስታውሳል። ሙስሊሙም በቁርኣን በአት‐ቲን ምዕራፍ አላህ በበለስና በወይራ መማሉን ያውቃል። በአንድ ወንበር የሚቀመጡ የሁለት ሃይማኖት ልጆች በአንድ ዛፍ ሲስማሙ ማየት፣ በአካባቢያችን በቅርብ ዓመታት ከደረሰው ኀዘን በኋላ፣ ቀላል ነገር አይደለም። ቆርቆሮው ያው ቆርቆሮ ነው፤ በአሸዋና በድንጋይ ፈንታ ግን አፈርና ፍግ ይገባበታል። የወይራ ፍሬ አጥንቱ ጠንካራ ስለሆነ ቀስ ብሎ ሰንጠቅ ማድረግ ቡቃያውን ያፋጥነዋል። ትዕግሥት የሌለው ከግብርና ጽሕፈት ቤት የችግኝ ጣቢያ ያደገውን ይጠይቅ። በታኅሣሥ ደረቅ መሬት ላይ መትከል ልፋት ነውና፣ ችግኙ በጥላ ሥር ውሃ እየጠጣ ቆይቶ ሐምሌ ሲዘንብ ወደ መሬት ይወርዳል። የመጀመሪያው ክረምት ባይደርስለት ሁለተኛው ይደርስለታል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነግሮ ነበር። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ነገር ግን አንድ ችግኝ የሚጸድቀው ቀኑን ቆጥሮ ውሃ የሚያጠጣው አንድ ሰው ሲኖረው ነው። ሠላሳ ተማሪ ሠላሳ ቆርቆሮ ቢይዝ፣ በየቆርቆሮውም ላይ ስሙን ቢጽፍ፣ ከዚያ ውስጥ ዐሥሩ እንኳ ቢጸድቅ ትምህርት ቤቱ ጥላ አገኘ ማለት ነው።

በቤታችሁ ዛፍ ማቆም ለምትፈልጉ ግን አታቁሙ ብዬ የመከልከል ሥልጣን የለኝም፤ ልጆች የሚደሰቱበትን ነገር መንፈግም ደስ አይለኝም። ነገር ግን አራት ምክር ልስጥ። የፕላስቲክ ዛፍ ያላችሁ አትጣሉት፤ በየዓመቱ አውጥታችሁ ተገልገሉበት፤ አንድ ጊዜ የተገዛ ነገር ደጋግሞ ሲሠራ ነው ዋጋውን የሚመልሰው። ጥድ የግድ ካላችሁ፣ ከባለቤቱ አስፈቅዳችሁ የታችኛውን ቅርንጫፍ ብቻ ውሰዱ፤ ጫፉንና ግንዱን ተዉለት፤ ዛፉ ማደጉን ይቀጥላል። የጌጡን ነገር ቤታችሁ ባለው ነገር ሞክሩት። ያማረ የጥጥ ክር፣ የስንዴ ዘለላ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ልጆች የቆረጡት ባለ ቀለም ወረቀት ከስትራስቡርጉ ጌጥ አያንስም። ጥጡን በረዶ ብላችሁ ከማፍሰስ ግን ለእናቶቻችን እንዝርት ብትተዉት ይሻላል፤ በታኅሣሥ ቀትር በከሚሴ ፀሐይ ሸሚዙን ለሚያወልቅ ሰው በረዶ ምኑ ነው? አራተኛውና ዋናው ምክሬ ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ነው። ዛፉ በዱቤ፣ ዶሮው በብድር፣ መብራቱ ለጎረቤት ይታይ ተብሎ የሚከበር በዓል ጥር ሲገባ ዕዳ እንጂ ትዝታ አይተርፈውም።

በ1931 አሜሪካን የሥራ እጦት በመታት ጊዜ፣ በኒው ዮርክ ሮክፌለር የሚባለውን ትልቅ ሕንፃ የሚገነቡ የቀን ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው በግንባታው ጭቃ መካከል አንድ ዛፍ አቆሙ። ጌጡም ቤተሰቦቻቸው በእጃቸው የሠሩት ነበር። በገና ዋዜማ በዛፉ አጠገብ ተሰልፈው ደመወዛቸውን ተቀበሉ። ዛሬ በዚያ ስፍራ በየዓመቱ የሚቆመውን ግዙፍ ዛፍ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያየዋል። መነሻው ግን ባላቸው ነገር የተደሰቱት የእነዚያ ሠራተኞች ትንሽ ዛፍ ናት።

አባቶቻችን «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» ይላሉ። ይህ ማለት የሌላውን አገር ነገር አትዩ፣ አትማሩ ማለት አይደለም፤ የወሰዳችሁትን ነገር በአገራችሁ አፈር ላይ አብቅሉት ማለት ነው። የፈረንጅ ገበሬ ዛፉን ለማቆም ብሎን፣ ምንጭርና የሽቦ ገመድ ፈጠረ፤ ተመስገን ይበል። እኛ ደግሞ ሥር የሚባል፣ ብሎን የማይሻ፣ ዓመት በዓመት እየጠነከረ የሚሄድ ማቆሚያ በእጃችን አለ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ አሮጌ ቆርቆሮ፣ ትንሽ አፈርና በሳምንት ጥቂት ጣሳ ውሃ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ገና ጨዋታ፣ ስለ ዱላውና ስለ ጥንጉ እንጨዋወታለን። እስከዚያው ለምታከብሩት ሁሉ መልካም የልደት በዓል፤ ለምትጋበዙትም መልካም ጉርብትና ይሁንላችሁ።